እንደ ሻማ መቅለጥና የእማማ እንሰት

ሆሳዕና ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት የትምህርት ዝግጅት ደብተሬን የምጽፈው በሁለት ቀለም ነበር። ዓላማው በቀይ፣ ማብራሪያው በሰማያዊ። ርእሰ መምህሩ አንድ ቀን ደብተሬን አገላብጠው አዩና፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ ለክፍል ነው ወይስ ለኤግዚቢሽን?» አሉኝ። እኔ እንደ ምስጋና ነው የወሰድኩት። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ በቅደም ተከተል ተቀምጦ ሊብራራ የማይችል ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የተከራየሁት ክፍል ከከተማው ዳር፣ ባላቸው ከሞቱባቸው አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ነበር። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል። አማርኛን የለመዱት ከገበያና ከቀበሌ ስብሰባ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ሀዲይኛ ነው። በዚያው ዓመት የመሠረተ ትምህርት ክፍል ገብተው ፊደል ስለቆጠሩ፣ ከገበያ የመጣ መጠቅለያ ጋዜጣ ሁሉ እየገለጡ ጮክ ብለው ያነቡ ነበር።

ከቤቱ ጀርባ የእንሰት ተክል አለ። እኔ ያደግሁት ገብስና ባቄላ በሚዘራበት የሰሜን ሸዋ ደጋ ስለሆነ እንሰት አይቼ አላውቅም። በገባሁ በሳምንቱ ቅጠሉን እያየሁ፣ «እማማ፣ ይሄ ሙዝ መቼ ነው የሚያፈራው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ዝም አሉ። ጎረቤቶቹ ግን ዝም አላሉም። ወር ሙሉ ከደጃፍ በወጣሁ ቁጥር፣ «መምህር፣ ሙዙ ደረሰ ወይ?» ይሉኝ ነበር።

በየካቲት ወር መጀመሪያ ላይ ለሰባተኛ ክፍል ፈሊጣዊ አነጋገር ማስተማር ጀመርኩ። ከአነጋገሮቹ አንዱ «እንደ ሻማ ቀለጠ» የሚለው ነው። በዚያን ጊዜ ይህን አነጋገር ያልሰማ ጆሮ አልነበረም። በሬዲዮ ይነገራል፤ በሰልፍ ይነገራል፤ ጦር ሜዳ ስለሄዱት፣ ገጠር ወርደው ፊደል ስላስቆጠሩት ይነገራል። የመምህራን ስብሰባ ሲሆን ደግሞ ስለኛ ስለራሳችን ይነገርና ሁላችንም አንገታችንን ደፋ አድርገን በትሕትና እናዳምጣለን። ትርጉሙ አስቸጋሪ አይደለም። ሌላው እንዲያይ፣ እንዲድን፣ እንዲያልፍለት ብሎ ራሱን የጨረሰ ሰው ነው እንደ ሻማ የቀለጠ የሚባለው። በግድ የተወሰደበት ሰው አይባልም፤ ተዘርፎ የደኸየ ሰውም አይባልም። አነጋገሩ ክብር ያለው በፈቃድ ሲሆን ነው።

ከየት እንደመጣ ግን በእርግጠኝነት የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። የራሴ ግምት ከሻማ በፊት በጧፍ ተጀምሯል የሚል ነው። ሻማ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ነው፤ ስሙም ከዐረብኛ የመጣ ነው ይባላል። ጧፍ ግን የቤት ሥራ ነው። አክስቴ የጥጥ ፈትል ገምዳ፣ ሰም አቅልጣ፣ ፈትሉን በሰሙ ውስጥ እያሳለፈች በጣውላ ላይ ስታድቦለብል እያየሁ አድጌያለሁ። በንግሥ ዋዜማ እፍኝ ሙሉ ጧፍ ሠርታ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች፤ በማግስቱ ከእፍኙ አንዱም አይተርፍም። በእኛ አገር ስለ ደግ ሰው ሲነገር «እንደ ጧፍ ነደደ» የሚሉ አሮጊቶች ነበሩ። ይህን ሁሉ በሰማያዊ ቀለም ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ።

ትምህርቱ በተግባር ቢታገዝ ይሻላል ብዬ ከሱቅ አንድ ሻማ ገዝቼ ክፍል ገባሁ። በጠራራ ፀሐይ ጠረጴዛ ላይ አቆምኩና ለኮስኩት። በተሰበረው መስኮት የገባ ነፋስ ወዲያው አጠፋው። ደግሜ ለኮስኩ። ደግሞ ጠፋ። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ተማሪ፣ «መምህር፣ መቅለጥ እምቢ አለ» አለና ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። በመጨረሻ ሻማውን በሁለት መጽሐፍ ከለልኩትና ማብራሪያዬን እስከ ጧፉ፣ እስከ አክስቴ ድረስ ሳልቆራርጥ አቀረብኩ።

ስጨርስ ከኋላ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ከክፍሉ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጥ፣ ከገጠር አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ የምትመጣ ልጅ ናት።

«መምህር፣ ሻማው ሲያልቅስ?» አለችኝ።

«ሲያልቅ ሌላ ሻማ ይበራል።»

«እሱም ሲያልቅስ?»

«ያው ሌላ...»

«ታዲያ ከቀለጠው ምን ቀረ?»

«ጨለማ!» አለ የፊተኛው ተማሪ፤ ደወሉም ተደወለ። «ሰኞ እመልስልሻለሁ» ብያት ወጣሁ። ማታ ደብተሬ ላይ «ምን ይቀራል?» ብዬ በቀይ ጻፍኩና ከሥሩ ለሰማያዊው ሦስት መስመር ክፍት ተውኩ።

ቅዳሜ ጠዋት የጽዳት ዘመቻ ነበር። ቀበሌው ሁሉም ግቢውን እንዲያጸዳ፣ ቆሻሻ እንዲቀብር ትእዛዝ አስተላልፏል። እማማ ገበያ ሄደዋል። እኔም ሲመለሱ እንዲደሰቱ ብዬ መጥረጊያና ዶማ ይዤ ተነሣሁ። ደጁን ጠረግሁ፤ የወዳደቀውን የእንሰት ቅጠል፣ ኮባውን፣ ሰበሰብኩ፤ ድንጋዮቹን በልካቸው ደረደርኩ። ከጓሮው ጥግ፣ ከእንሰቶቹ ራቅ ብሎ፣ በፍግና በደረቀ ቅጠል የተሸፈነ አዲስ ጉብታ አየሁ። ባለፈው ሳምንት አልነበረም። አንድ የተበላሸ ነገር ሰው ሳያይ የተቀበረ መሰለኝ።

ቆፈርኩት። ከውስጡ ከሰው ራስ የሚበልጡ ሁለት ግማሾች ወጡ፤ አንድ የእንሰት ሥር፣ አሚቾ የሚባለው፣ ለሁለት ተከፍሎ ነው። የተቆረጠው ፊቱ ጠቁሯል፤ መሐሉ ተፈልፍሎ ተቦርቡሯል። እንደበሰበሰ ምንም አልተጠራጠርኩም። የጎረቤት ላም ከአጥሩ ወዲያ ታስራ ስለነበር፣ ቢያንስ ለእሷ ይጥቀማት ብዬ ሁለቱንም አንድ በአንድ ወረወርኩላት። ጉድጓዱን ደፍኜ፣ ረግጬ፣ በመጥረጊያ አስተካከልኩት።

እማማ ሲመለሱ ደጁን አይተው ደስ አላቸው። «ኧረ መምህር፣ ይሄ የኔ ቤት ነው?» አሉኝ። ወደ ጓሮ ሲዞሩ እየተከተልኩ፣ ይህን እንዲህ አደረግሁ፣ ያንን እንዲያ አደረግሁ እያልኩ ማብራራት ጀመርኩ። ጥጉ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ የነበረውስ?»

«እሱን አጸዳሁት እማማ! የበሰበሰ አሚቾ ነው፤ ለላሟ...»

ቅርጫታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ወደ አጥሩ ሄደው ተንጠራርተው አዩ። ላሟ አንዱን ግማሽ ጨርሳ አፏን ትልሳለች። ሌላው ግማሽ ጭቃ ውስጥ ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አለበት። እማማ አጥሩን ተደገፉ። ከዚያ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የልጄ ቤት ነበር እኮ እዚያ ውስጥ።»

ግማሹን አንሥቼ ስመጣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔም ፊት ለፊታቸው ቁጭ አልኩ፤ በዚያን ቀን ያብራሩት እሳቸው ናቸው። ሴት ልጃቸው ከዓመት በፊት አንጋጫ አጠገብ ለሚኖር ገበሬ ተድራለች። በገባች በጥቂት ወር የባሏን ጓሮ በሽታ መታው፤ እንሰቱ ከመሐል ቅጠሉ ጀምሮ እየጠወለገ፣ እየወደቀ አለቀ። እንሰት ያላለቀበት ቤት ዝናብ ቢዘገይ አይደነግጥም፤ እንሰት የሌለው ቤት ግን፣ እማማ እንዳሉት፣ «ጣራ እንጂ ቤት አይደለም»። እሳቸው ደግሞ ይህ በሽታ የማይደፍረው አንድ ዓይነት እንሰት ነበራቸው። ሲዳሩ እናታቸው በራሳቸው ተሸክመው ያመጡላቸው ዘር ነው። አብዛኛው ባላቸው የሞቱ ጊዜ ለለቀስተኛው ቆጮ ተፍቆ አለቀ። ከዚያ ዘር የቀረችው አንዲት እንሰት ብቻ ነበረች። ሁለት ዓመት ቢታገሷት ለራሳቸው የዓመት ቆጮ ትሆናለች።

«ታዲያ ለምን ቆረጧት?» አልኳቸው።

«ካልቆረጥካት አትወልድም፣ መምህር።»

እንሰት እንዲራባ የሚደረገው እንዲህ ነው። ለጋዋ እንሰት ትነቀላለች፤ ግንዷ ከአሚቾው በላይ ይቆረጣል፤ ወደ ላይ ልታድግበት የነበረው እምብርቷ ተፈልፍሎ ይወጣል። ከዚያ አሚቾው ተከፍሎ፣ በነፋስ ጥቂት ጠውልጎ፣ በፍግ ይቀበራል። ራሷ ዳግመኛ አታድግም። ዝናቡ ሲመጣ ግን በዙሪያዋ ቡቃያ ይፈላል። ሥራውን የሠሩላቸው ወንድማቸው ናቸው፤ እኔ ትምህርት ቤት በዋልኩበት ቀን ከገጠር መጥተው ቆርጠው፣ ቀብረው ሄደዋል።

«አንዱ ግማሽ ለልጄ ነበር፤ አንዱ ለኔ፣ ዘሩ ከግቢዬ እንዳይጠፋ» አሉ። ከዚያ ወደ ላሟ እያዩ፣ «የበላችው የኔን ነው» አሉና ተነሡ።

ይህን ሲሉ አልተናደዱም፤ አላለቀሱምም። ማን ምን እንዳጣ በዚያች አፍታ ወስነው ጨረሱ። እኔ ግን አፈርኩ። ጉድጓዱን እንደገና ቆፈርኩት። እማማ በጥርስ የተነካውን ጠርዝ በቢላ ላጡት፤ የቀረውን እንደ ሕፃን በሁለት እጅ አቅፈው አወረዱት። እኔ ፍግ አለበስኩት፤ ዙሪያውን በእንጨት አጠርኩት። በመጨረሻም በካርቶን ላይ በትልልቁ «እንዳይነካ» ብዬ በቀይ ጽፌ ተከልኩ።

እማማ ጎንበስ ብለው ፊደል በፊደል አነበቡት። «እን... ዳይ... ነካ።» ቀና አሉና፣ «ለማን ነው የጻፍከው? ከአንተ ሌላ ማን ቆፈረው?» አሉኝ።

ሰኞ ክፍል ስገባ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። ገና «እንደምን አደራችሁ» ሳልል የፊተኛው ተማሪ፣ «መምህር፣ ላሟ እንዴት አደረች?» አለኝ። ሳቃቸው እስኪበርድ ጠበቅሁና የሆነውን ሁሉ ራሴ ነገርኳቸው። ከገጠር የምትመጣው ተማሪ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

«የባለፈውን ጥያቄሽን አልረሳሁም» አልኳት። «ከሻማው ምን እንደሚቀር አላውቅም።»

«ከአሚቾው ግን ይቀራል» አለች። «እኛ ጓሮ ያለው ሁሉ ከአንድ የቀረ ነው።»

ሦስቱን ክፍት መስመሮች እዚያው ቆሜ ሞላኋቸው። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር፤ የፈለግሁት ነገር በእጄ ገባ መሰለኝ። ከሰዓት በኋላ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል ቤት ገባሁ። እማማ ደጅ ተቀምጠው ቃጫ ያበጥራሉ።

«እማማ፣ ገባኝ! የእርስዎ እንሰት ከሻማ ትበልጣለች። ሻማ ቀልጦ ያልቃል። እንሰቷ ግን ልጆቿ እንዲኖሩ ብላ ራሷን ሰጠች!»

እጃቸውን ከቃጫው ሳያነሡ አዩኝ። «እንሰት ምን ታውቃለች? ተክል እኮ ናት። ማን ጠየቃት? ስትቆረጥ እምቢ ማለት ብትችል እምቢ ትል ነበር።»

«እንግዲያስ...»

«የቆረጥኩ እኔ ነኝ። ልጄ ነች የጠየቀችኝ። እኔ አቤት አልኩ።» ቃጫውን አራገፉ። «አንተ ሁሉንም ነገር ወደ ሻማ ታመጣለህ። በል ውኃ ቅዳልኝ።»

ውኃውን ቀድቼ ስመለስ ደብተሬን አውጥቼ ከጻፍኳቸው ሦስት መስመሮች ሁለቱን ሰረዝኩ። በፈቃድ ሲሆን ነው ክብሩ ብዬ ራሴ አስተምሬ፣ ፈቃዱ የማን እንደሆነ ሳላይ ነበር የቀረሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። የበልግ ዝናብ በዚያ ዓመት ዘገየ። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጉብታውን አያለሁ፤ ከምሳ በኋላም አያለሁ። ለፋሲካ ወደ ቤተሰቦቼ ለመሄድ አስቤ ነበር፤ ልብሴንም አጣጥፌያለሁ። ግን ጉብታው እንዳይደርቅ ከገደል በታች ካለው ምንጭ ውኃ የሚያመጣ ሌላ ሰው የለም፤ የእማማ ጉልበት ያማቸዋል። ቀረሁ። ለእማማ ስነግራቸው ድምፄ ላይ ትንሽ የሰማዕት ቃና ሳይኖርበት አልቀረም፤

«ለእንሰቷ ብዬ ነው የቀረሁት» አልኳቸው።

«እንኳን ቀረህ። ግን እንዳትቀልጥብኝ፤ ውኃውን ማን ያመጣዋል?» አሉኝ። ለፋሲካዬ ዶሮ አርደው አበሉኝ። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ ጾሙን ሁሉ እንደኔ አልጾሙትም፤ ሆኖም የቤተሰቤን ቦታ ለመተካት በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ «ብላ» ሳይሉኝ አላለፉም።

ዝናቡ የመጣው በበዓሉ ሳምንት ነው። ከዚያም ሦስት ሳምንት ምንም የለም። እማማም ወደ ጥጉ የሚሄዱበት ምክንያት በዛባቸው፤ አንዴ የጠፋ ቢላ፣ አንዴ የጠፋች ጫጩት ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እጄን ይዘው ወደ ጥጉ ወሰዱኝ። ፍጉን ሰንጥቆ፣ እንደ ጦር ጫፍ የተጠቀለለ ቀይ አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሏል። አንድ ነው። ከአጠገቡ መሬቱ ተሰንጥቋል። እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው በሀዲይኛ ጸለዩ። በዚያ ዘመን የጸሎት ቤታቸው በር ታሽጎ ነበር፤ የሚጸልዩት እንዲህ ባገኙበት ነው። እኔም ከአጠገባቸው ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ቆጥሬ እመዘግባለሁ። አራት። አሥራ አንድ። ሃያ ስድስት። ክረምቱ ሲገባ ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ። ሙሉ አሚቾ ቢሆን ምን ያህል ይሆን ነበር ብዬ አስቤ አውቃለሁ፤ ስሌቱን ግን ደብተሬ ላይ አልጻፍኩም።

ቡቃያው ለመነቀል ዓመት ይፈልጋል። በተከታዩ ጥር ወንድማቸው መጥተው ዙሪያውን በጥንቃቄ ቆፍረው ችግኞቹን አንድ በአንድ ለያዩ። እኔ አሚቾውን ማየት ፈልጌ ጎንበስ አልኩ። የለም። ያ ሁለት እጅ ሞልቶ የወረደው ነገር ጥቂት የሥር ቃጫና እንደ ዱቄት የላላ ጥቁር አፈር ሆኗል። ወንድማቸው ያንን አፈር እፍኝ እፍኝ እያደረጉ በየችግኙ ሥር አጠጋጉት።

እማማ ሠላሳ ስምንቱንም በእርጥብ ኮባ ጠቅልለው አሰሩ። «ጥቂት ለራስዎ አያስቀሩም?» ብላቸው፣ «የልጄ ጓሮ ሰፊ ነው፤ ባዶ ነው» አሉ። መንገዱን ጉልበታቸው ስለማይችለው ችግኙን የማደርስ እኔ ነኝ። ሲሸኙኝ እጃቸውን አንሥተው አስጠነቀቁኝ፤ «ልጄ ‹እናቴ ጋ ስንት ቀረ?› ካለችህ፣ ብዙ አለ በላት።»

አውቶቡሱ ላይ እስከ አንጋጫ ሰው ሲስቅብኝ ሄደ። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ክራቫት አስሬ፣ ጉልበቴ ላይ የእንሰት ችግኝ ታቅፌያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት አባት፣ «መምህር፣ ዘንድሮ ገበሬ ማኅበር ገባህ እንዴ?» አሉኝ። እንዴት እንደሚራባ ማብራራት ጀመርኩላቸው። «ልጄ፣ እኔ ስድሳ ዓመት ተክያለሁ» አሉና አስቆሙኝ። ግን አንጋጫ ስንደርስ ከሁሉ ቀድመው ጥቅሉን ያወረዱልኝ እሳቸው ናቸው።

የእማማ ልጅ ቁርጥ እናቷን ናት። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ጥቅሉን ፈትተው የያንዳንዱን ችግኝ ሥር በጣታቸው ዳበሱ፤ ከዚያም እኔን አይተው በከምባትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ምራታቸው እየሳቀች ተረጎመችልኝ።

«ለላም ያበላኸው አንተ ነህ ወይ ትልሃለች።»

«ነኝ በያቸው።»

«ስትመጣ ላማችንን እሰሪ ብላኛለች።»

እኔ ባለሁበት ባልና ሚስት ጓሮውን ቆፍረው ችግኙን መትከል ጀመሩ። ያ ባዶ መሬት በየረድፉ ሲሞላ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ልጅቱ መሐል ላይ ቆመችና ጠየቀችኝ።

«እናቴ ጋ ስንት ቀረ?»

«ብዙ» አልኩ። እሷ ዝም ብላ አየችኝ። እኔ ደግሞ ዝም ሲሉኝ አልችልም። «ማለቴ፣ ነገሩ እንዲህ ነው... በመጀመሪያ አሚቾው ሁለት ግማሽ ነበር፤ ከዚያ...»

«አንድም አልቀረም ማለት ነው።»

ካልተተከሉት ውስጥ ሦስት ወፈር ወፈር ያሉትን መርጣ በኮባ ጠቀለለችና ቦርሳዬ ውስጥ ከደብተሬ ጎን አስገባቻቸው። «አትንገራት። ከነገርካት በሚቀጥለው አውቶቡስ ትመልሰዋለች። አንተው ትከለው፤ ጉድጓዱን ታውቀዋለህ።»

በማግስቱ እሑድ ነበር። እማማ ለጸሎት ወደ አንድ ጎረቤት ቤት ሲሄዱ ጠብቄ ወደ ጥጉ ወረድኩ። ሁለት እንጨት ተክዬ ክር ወጠርኩ። በክሩ ላይ እኩል እኩል ለካሁ። ሦስቱን ችግኞች በቀጥታ መስመር ተከልኩ፤ አፈሩን አስተካከልኩ፤ ክሩን ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ መጽሐፍ ገለጥኩ፤ አንድም መስመር አላነበብኩም።

«መምህር!»

ወጣሁ። ጥጉ ጋ ቆመዋል።

«ይሄን ማን ተከለ?»

«እኔ እንጃ እማማ፤ ምናልባት ከቀረው ሥር በቅሎ ይሆናል።»

«በክር?»

ኪሴን በእጄ ሸፈንኩ። እማማ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። የመጀመሪያውን ችግኝ ቅጠል በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ወደ አንጋጫ አቅጣጫም ቀና ብለው አዩ፤ በዚያ በኩል ያለው የጎረቤት አጥር ብቻ ቢሆንም። አንድ ጊዜ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ይመልሱታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«በጣም አጠጋግተሃቸዋል» አሉ በመጨረሻ። «ሲያድጉ ይጣላሉ። ና፣ መሐለኛውን ወደዚያ እናውጣው።»

አብረን አወጣነው። መስመሬ ተበላሸ፤ ሦስቱ ችግኞች እንደ ሦስት ጉልቻ ቆሙ። ለማስተካከል እጄ ሲሄድ መቱኝና ወደ ቤት ገቡ። ከበሩ ጀርባ ያንን ዝናብ ያደበዘዘውን ካርቶን ይዘው መጡ። «እንዳይነካ» የሚለውን ጽሑፌን በከሰል እንደገና አድምቀውታል፤ ነ-ን ትንሽ አጣመዋታል። በችግኞቹ መሐል ተከሉት።

«ላሟ እኮ አሁን ተሸጣለች፣ እማማ» አልኳቸው።

«አንተ አለህ አይደል?» አሉኝ።